የመሐል ፀሐይ

በእኛ ሰፈር ሰዓት የሚጠይቅ ሰው እንግዳ ነው። እኛ ቀጠሮ የምንይዘው በጥላ ነው። “ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ” ያለ ሰው የታላቁ መስቀል ጥላ ከደጃችን ሲነሳ ይመጣል። “ሚናራ ሳይገባ ጨርሺ” የተባለች ልጅ የታላቁ ሚናራ ጥላ ግቢው ላይ ሳያርፍ ያሰጣችውን ልብስ ትሰበስባለች። በሁለቱ ጥላዎች መካከል የምትገባውን ፀሐይ “መሐል” እንላታለን። ወርካ አምባ መጥታችሁ ጥላ ሰፈር የት ነው ብትሉ ማንም አይቸገርም። ሁለቱን ኮረብቶች ፈልጉና መካከላቸው ያለውን ጎድጓዳ መሬት እዩ፤ እዚያ ነን።

መስቀሉ በምሥራቁ ኮረብታ ላይ ነው፤ ሚናራው በምዕራቡ። እኔ ስወለድ ሁለቱም ረጃጅሞች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ አድገዋል። መስቀሉ በክንዶቹ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያና ቤተ መዘክር አለው፤ ሚናራው በሆዱ ውስጥ አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ይዟል። በክረምት ደመናው አናታቸውን ስለሚሸፍነው ልጆች ጫፋቸውን ካላያችሁ ሥዕል አትሥሉ ይባላሉ። ሸረሪቶቹ፣ ማለትም እነዚያ ድንጋይ እየተፉ የሚገነቡት ማሽኖች፣ ዓመት ጠብቀው አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ላይ ይወጣሉ። ወደ ላይ ሲሄዱ እንጂ ወደ ታች ሲወርዱ ያየ ሰው አልነበረም፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ እዚያው ላይ ተጣጥፈው ቀጣዩን ፈቃድ ይጠብቃሉ።

መሐል ስትገባ የሰፈሩ ጥሩንባ ይነፋል። ያኔ ሥራ ይቆማል። የቅጥር ውላችን ላይ ሳይቀር የፀሐይ እረፍት የሚል አለ። ፍራሽ ይወጣል፤ በርበሬ ይሰጣል፤ እርጥብ ጫማ በመስኮት ላይ ይደረደራል። አባ ይማም የሚባሉት ሽማግሌ ወንበራቸውን እየጎተቱ ፀሐይዋ በሄደችበት ግቢውን ይዞራሉ። ደህና ገቢ ያላቸው ሰዎች ከኮረብታው ማዶ በመስታወት የሚንጸባረቅ ብርሃን ይከራያሉ፤ እኛ እንንቀዋለን። በመስታወት ብርሃን የደረቀ በርበሬ ቀለሙ ይገረጣል፤ ቤት የገባ እንግዳም ወጡን ገና አይቶ ያውቅብሻል።

እኔ ሉባባ እባላለሁ። ሥራዬ ለውሃ አቅራቢዎች የደንበኞችን ቅሬታ መስማት ነው። ቤቴ ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁጣ እሰማለሁ። ውሃው ቀጠነ፣ ውሃው ወፈረ፣ ውሃው ትናንት ከመጣው ውሃ ጋር አይመሳሰልም። ሁሉንም “እሺ፣ ይቅርታ” እላለሁ። ራሴ ግን በሕይወቴ አንድ ቅሬታ አቅርቤ አላውቅም። ምግብ ቤት ውስጥ ፀጉር ያለበት ወጥ ቢያቀርቡልኝ ፀጉሩን አውጥቼ ወጡን አመሰግናለሁ።

ያን ዓመት ግን አንድ ነገር ሆነ። ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ እኔና ባለቤቴ እንድሪስ ልጅ ወለድን። ነጃት አልናት። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ እግሯን ደባብሳ ፊቷን ቋጠር አደረገችና አጥንቷ ገና አልጠናም አለችኝ። ጠብታ ሰጠችን። ነጃት ጠብታውን ተፋችው። በወተት ደባለቅነው፤ ወተቱንም ጭምር ተፋችው። እንድሪስ ራሱ ቀምሶ እያጣጣመ “ይጥማል እኮ” ቢላት እሱ ላይ ተፋችበት። ነርሷ በመጨረሻ “እንግዲያው ፀሐይ አሙቂያት፤ በየቀኑ፤ በመስታወት ሳይሆን በእውነተኛዋ” አለች። የኛ እውነተኛ ፀሐይ ደግሞ መሐል ብቻ ነበረች።

ነጃትን ፀሐይ የሚያሞቁት እትዬ ወርቅያንጥፉ ናቸው። ጎረቤቴ ናቸው ማለት ይከብደኛል፤ በመካከላችን የነበረው አጥር እኔ ሳልወለድ ነው የፈረሰው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። እኔ ስወልድ እጄን ይዘው ያደሩት እሳቸው ናቸው፤ ምጡ ሲበረታ እሳቸው “ያ አላህ” ሲሉ እኔ “እማምላክ” ስል አዋላጇ የማን ሃይማኖት የማን እንደሆነ ጠፋባት። ቤታቸው ለኛ ብቻ የተለየች ድስት አለች። ዶሮዋን እንድሪስ ባርኮ ያርድላቸዋል፤ እሳቸው ይሠሩታል፤ እኛ እንበላለን፤ እሳቸው እያዩን ይጠግባሉ። እንዲህ ነው የኖርነው። እትዬ ወርቄ የታላቁ መስቀል ኮሚቴ አባልም ናቸው።

ጥሩንባው ሲነፋ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከቤት ይወጣሉ። ልጅቷን ከእጄ ይነጥቁኛል ማለት ይቀላል። እግራቸውን ዘርግተው፣ ነጃትን እግራቸው ላይ አስተኝተው፣ ቅባት እየቀቡ ያሻሿታል፤ አፍንጫዋን ቀጥ እንዲል ይስቡታል።

“ነይ ፀሐይቱ” ይሏታል። “እናትሽ ነጃት ትበልሽ፤ ለኔ ፀሐይቱ ነሽ።”

“አፍንጫዋን አይጎትቱብኝ እትዬ ወርቄ፤ የአባቷ ነው።”

“አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምጎትተው።”

ነጃት በዚያች ሰዓት ብቻ አታለቅስም። እግሯን ወደ ላይ እየወረወረች ከሰማዩ ጋር ትጫወታለች። እኔም በዚያች ሰዓት ብቻ አልሰጋም ነበር።

ከዚያ የዓመቱ የግንባታ ሥራ ተነገረ።

ይህን ለመረዳት ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። ድሮ፣ እናቴ ልጅ ሳለች፣ ሁለቱ ሐውልቶች ቁመት በቁመት ሲፎካከሩ ሹሞቹ ፈሩ። ፉክክሩን ለመግታት ብልህ ሕግ አወጡ። መስቀሉ ላይ ለመጨመር ከሥሩ የሚኖሩት ሙስሊሞች መስማማት አለባቸው፤ ሚናራው ላይ ለመጨመር ክርስቲያኖቹ። አንድ ሰው እንኳ አይሆንም ካለ ሥራው ይቀራል። በዚህ ፉክክሩ አበቃ ብለው እጃቸውን አራግፈው ሄዱ። ያላሰቡት እኛን ነው። ጎረቤት መጥቶ “ቤተ እምነቴን ከፍ ላደርግ ነው” ሲልሽ ዓይኑን እያየሽ አይሆንም የምትይው በምን አፍሽ ነው? ከሕጉ በኋላ ሁለቱም ከበፊቱ በእጥፍ አደጉ። ስብሰባ ይጠራል፤ የሚቃወም አለ ይባላል፤ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ የሚደግፍ ሲባል እጅ ሁሉ ይወጣል፤ ይጨበጨባል፤ ዳቦ ይቆረሳል።

የሚጨቃጨቁት ሌሎች ናቸው። በየግድግዳው፣ በየመኪናው መስታወት ላይ፣ በየሰዉ መነጽር ውስጥ ሌት ተቀን ይከራከራሉ። አንዱ ሰማዩ የማን ነው ይላል፤ ሌላው ማን ቀድሞ ተከለ ይላል። ኮረብቶቹ ይፍረሱ የሚሉ አሉ፤ ከተማው በሙሉ ሐውልት ይሁን የሚሉም አሉ። ጥላ ሰፈርን የረገጠ ግን ከነሱ ውስጥ አላየንም። አንድ ጊዜ ጥል ሊቀርጹ የመጡ ጋዜጠኞች ነበሩ። ጥል ፍለጋ ግማሽ ቀን ከዞሩ በኋላ እትዬ ወርቄ ቤት ምሳ በልተው፣ ሁለቱ እዚያው ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ተመለሱ።

የዓመቱ ሥራ ቁመት አልነበረም። ክንድ ነው። የመስቀሉ ምዕራባዊ ክንድ ከኮረብታው አልፎ በሰፈራችን ላይ እንዲዘረጋ ታስቧል። ምስሉን በየግቢያችን አየር ላይ አሳዩን። ያምራል። በሰፈሩ ላይ የተዘረጋ ባራኪ እጅ ይመስላል። እንድሪስ ቀና ብሎ አይቶ “ማሻአላህ” አለ። እኔ ግን ያየሁት ከክንዱ ሥር ያለውን ነው። ግቢያችን፣ የበርበሬው ሰሌን፣ የእትዬ ወርቄ ምንጣፍ፣ ሁሉም ጠቁሯል። መሐል የለችም።

“እንድሪስ፣ ፀሐይዋስ?”

ምስሉን ደግሞ አየ። ከዚያ ልጁን አየ። ከዚያ ተቀመጠ።

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። የሚሠራው የመንገድ ዛፎችን መግረዝ ነው፤ ቅርንጫፍ ከመቁረጡ በፊት ዛፉን ይቅርታ ይጠይቃል። ለእራት ስንቀርብ እጁን ወደ ወጡ ሳይሰድ ቆየ።

“አይሆንም ማለት ይቻላል እኮ” አልኩት። “ሕጉ አንድ ሰው ይበቃል ይላል።”

“ሕጉማ ይላል።”

“ታዲያ?”

“እትዬ ወርቄ ባለፈው ለሚናራው እጃቸውን ሲያወጡ አላየሽም? ከሁሉ ቀድመው ነው ያወጡት። ነጠላቸውን ሳይቀር አውለበለቡ። አሁን እኛ በምን ፊታችን?”

“የስብሰባው ቀን ብንታመምስ?”

“የቀረ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል።” ትንሽ አሰበ። “ሰው ሲያስነጥስ እንደ ተቃውሞ ይቆጠር ይሆን?”

“እንድሪስ።”

“እሺ። ልጠይቅ ብዬ ነው።”

ከዚያ ሁለታችንም ነጃትን እያየን ወጡን አቀዘቀዝነው። ፈርቼ ነበር። ልጄን መጉዳት ወይም እትዬ ወርቄን ማሳዘን፤ ሁለቱንም አልችልም ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም።

በማግስቱ በዘወርዋራ ልሞክር አሰብኩ። እትዬ ወርቄ ነጃትን እግራቸው ላይ አስተኝተው ቅባት ሲቀቡ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“ከርሞ በርበሬውን የት እናሰጣው ይሆን?” አልኩ።

“እግዜር ያውቃል” አሉ።

“የአባ ይማምስ ወንበር ምን ሲከተል ይውል ይሆን?”

“አብሽሪ፤ እሳቸው የሚከተሉት አያጡም።”

ነጃት የእትዬ ወርቄን ነጠላ ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ታኝካለች። እትዬ ወርቄ ሳያዩኝ “ክንዱ ያምራል አይደል?” አሉኝ።

“በጣም” አልኩ።

“በጣም ነው የሚያምረው” አሉ እሳቸውም።

ሁለታችንም መሬት መሬቱን አየን። ከዚያ ጥላው መጣና ዕቃ ማስገባት ጀመርን። ያን ቀን ቅባቱን ከወትሮው አብዝተው ቀብተዋት ስለነበር ልጅቷ ከእጄ እንደ ሳሙና ታሙለጨልጭ ነበር።

ስብሰባው በሰፈራችን ሜዳ ላይ ነው የተጠራው። እንደ ልማዱ እኛ ሙስሊሞቹ ፈቃጆች ስለሆንን ከፊት ተቀመጥን፤ ክርስቲያኖቹ ጠያቂዎች ስለሆኑ ከኋላችን፣ ዳቦውንና ብርዙን ይዘው። መምሬ ጥበቡ፣ የመስቀሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠምጥመዋል። ሼህ ሙሂዬ የኛ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከሳቸው ጎን ተቀምጠው ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ከዋና ከተማ የተላከችው ሹም ሶልያና የምትባል ወጣት ነበረች። ጥላ ሰፈርን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ብርድ ስለያዛት ካፖርቷን አልፈታችም።

ነጃትን እትዬ ወርቄ ይዘዋት ከኋላ ነበሩ። እኔ ከፊት። እንድሪስ ከጎኔ ተቀምጦ እግሩን ያርገበግባል።

ሶልያና ዝርዝሩን አስረዳች። ክንዱ ይህን ያህል ይረዝማል፤ የእግረኛ መንገድ ይኖረዋል፤ ከላዩ ሆነው ሩቅ ያለውን ሐይቅ ያያሉ። ከዚያ እጇን አጣምራ “የሚቃወም አለ?” አለች።

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ ልማዱ።

እጄ ጭኔ ላይ ነበር። እንዲነሳ ፈለግኩ፤ አልተነሳም። የሰው ቅሬታ እየሰማሁ የኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ቃል እንኳ አላስተማሩኝም።

በዚህ መሐል ጥሩንባው ተነፋ።

ሹሟ ልማዳችንን አታውቅም። የሜዳው አንድ ጥግ ላይ ፀሐይዋ ስትወድቅ ሰዉ ሁሉ፣ ፈቃጁም ጠያቂውም፣ ወንበሩን አንስቶ ወደዚያ መሄድ ጀመረ። “ስብሰባው አላለቀም እኮ” ትላለች ሶልያና፤ ማንም አልሰማትም፤ መምሬ ጥበቡ ወንበራቸውን በአንድ እጅ፣ የሼህ ሙሂዬን ክንድ በሌላው ይዘው ሄዱ። አባ ይማም ከሁሉም ቀድመው ደርሰዋል። ሹሟም ብቻዋን ስትቀር ጊዜ ተከተለችን። ካፖርቷን ፈታች። ፊቷን ወደ ላይ አቀናች፤ ለአፍታ የመጣችበትን ጉዳይ የረሳች ትመስላለች።

እትዬ ወርቄ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ነጃትን ገልጠው እግራቸው ላይ አስተኝተዋታል። ቅባቱን ከጉያቸው አወጡ። ስብሰባ መሐል ነው፤ የራሳቸው መስቀል ክንድ ጉዳይ ነው፤ እሳቸው ልጅቷን ያሻሿታል። አንዴ ቀና አሉ። ያዩት ሰማዩን ነበር፤ ክንዱ የሚመጣበትን ቦታ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ፍርሃት እኔም ለብዙ ቀን ተሸክሜው ነበርና ወዲያው አወቅኩት።

“እንግዲህ” አለች ሶልያና፣ ራሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ “ለመጨረሻ ጊዜ፤ የሚቃወም አለ?”

እጄ ተነሳ።

ሰዉ ዞረ። አንዲት ሴትዮ አስተግፊሩላህ አለች። ሹሟ ራሷ ደነገጠች፤ የሚነሳ እጅ የጠበቀች አትመስልም።

“ምክንያትሽ ምንድን ነው?”

“መስቀሉ ያምራል” አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም። “ክንዱም ያምራል። ወላሂ ያምራል። ለማንም ክፉ አስቤ አይደለም። ልጄ ግን ፀሐይ ያስፈልጋታል። ሌላ የላትም። ስለዚህ አይሆንም።”

ያችን ቃል ለጎረቤት ስናገራት የመጀመሪያዬ ነው። ጣዕሟ እንግዳ ነው፤ ከአፌ ከወጣች በኋላም ምላሴ ላይ ቆየች። እንድሪስ እጁን እስከ ጆሮው አነሳ፤ እንደሚያክክ ሰው አደረገና ቆመ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። “እኔም” አለ።

እትዬ ወርቄ ነጃትን አቅፈው ተነሱ። ቀስ ብለው ወደኔ መጡ።

“ሉባባ” አሉኝ። ሉቤ እንጂ ሉባባ ብለውኝ አያውቁም።

“አቤት እትዬ ወርቄ።”

“ምነው እስካሁን ቆየሽ?”

እጄን አወረድኩ።

“ያን ቀን በዚያች በርበሬ ጀመርሽልኝ፤ ተመስገን፣ ልትናገር ነው አልኩ። ከዚያ ክንዱ ያምራል ስልሽ ‘በጣም’ አልሽኝ። እኔ የኮሚቴ ሰው ነኝ፤ እንዴት ብዬ ልናገር? ይኸው ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቼ አንቺን እጠብቃለሁ። ልጅቷን በቅባት ልጨርሳት ነበር እኮ።” ወደ ሰዉ ዞሩ። “ስለ ሚናራውም አሁኑኑ ልናገር። ለሚናራው እጄን ባወጣሁ ቁጥር አንድም ቀን ፈልጌ አላወጣሁም። ማርያምን።”

ሼህ ሙሂዬ ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። “ታዲያ ለምን አወጡ?”

“እናንተ የፈለጋችሁ መስሎኝ ነዋ።”

“እኛ?” አሉ ሼህ ሙሂዬ። “እኛማ እናንተ መስቀሉን ስትጨምሩ ዝም ብንል የተቀየምን እንዳይመስልባችሁ ብለን ነው የጨመርነው።”

“ኧረ ሼኪ” አሉ መምሬ ጥበቡ። “እኛስ እናንተ እንዲያ በጭብጨባ ስትፈቅዱልን ሳንሠራ ብንቀር ፈቃዳችሁን የናቅን እንዳይሆን ብለን እኮ ነው።” ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። “ከተነሳ ዘንድ እኔም ልናገር። ከፍታ እፈራለሁ። ለምርቃት አናቱ ላይ ባወጡኝ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምባርከው። አንዴማ የባረክሁት አሳንሰሩን ነው አሉ።”

መጀመሪያ የሳቁት አባ ይማም ናቸው። ሳቃቸው ሳል ነበረው፤ ወንበራቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ሰው ጎረቤቱን እየያዘ ሳቀ። “አንተም?” “አንቺም?” የሚለው ከዚህ እዚያ ይመላለሳል። እንድሪስ እጁን ማውረድ ረስቶ እንደዘረጋ ይስቃል። እኔ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቁብኝና ነጃትን ተቀብዬ ፊቴን አንገቷ ሥር ደበቅኩ።

“ቆይ” አለች ሶልያና፣ የምር ግራ ገብቷት። “ታዲያ ይህን ሁሉ የፈለገው ማን ነው?”

እርስ በርስ ተያየን።

ክንዱ ቀረ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ጥላ ሰፈር እኮ ነን። ዳቦው ገና ሳይቆረስ ሼህ ሙሂዬ ተነሱና “እንዲህ ሆኖማ አይቀርም” አሉ። “ወንድሞቻችንን አይሆንም ብለናቸው የኛው ሳይነካ መቅረቱ ነውር ነው። እባካችሁ እናንተም አይሆንም በሉን።”

“ሚናራው እኮ ዘንድሮ ጥያቄ አላቀረበም” አለች ሶልያና።

“አሁን አቀረበ። እንድናስረዝም እንጠይቃለን።”

“የሚቃወም አለ?” አለች ሹሟ፣ ደክሟት።

እትዬ ወርቄ “አይሆንም” አሉ። ጣዕሙን ወደዱት መሰለኝ ደገሙት። ከኋላቸው ያሉት ሴቶችም ተቀበሏቸው። ዕድሜ ልኳ ላገኘችው ሁሉ እሺ ስትል የኖረች አንዲት አሮጊት ብቻዋን አራት ጊዜ አለችው፤ በመጨረሻ ልጇ አስቀመጣት።

ከዚያ ደግሞ መምሬ ጥበቡ ካለው ላይ አንዳንድ እርከን ብናወርድስ የሚል ሐሳብ አመጡ። “እግዜር ከላይ ሆኖ ያየናል” አሉ። “ጥላ አምጡልኝ ብሎ የጠየቀን ጊዜ የለም።” ሼህ ሙሂዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም ይህንኑ ሊሉ እንደነበር ተናገሩ። በዚያ ቀን እውነተኛ ጭቅጭቅ ያየሁት እዚህ ላይ ነው፤ ማን ይቅደም በሚለው።

“እናንተ ቅደሙ፤ ክብራችሁ ነው።”

“ኧረ በማርያም፤ ታላቆች እናንተ ናችሁ።”

“ወላሂ አንቀድምም።”

የሚናራው ጥላ እስኪገባ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ ቀን እንዲጀምሩ ሶልያና ወሰነች። ስትሄድ እትዬ ወርቄ በርበሬ ቋጥረውላታል፤ በእውነተኛ ፀሐይ የደረቀ።

ውጭ ያለው ዓለም ተናወጠ። በየግድግዳው ላይ ተዋረድን የሚሉ ሰዎች ጮኹ፤ የሁለቱም ወገን ጯሂዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ጥላ ሰፈር ከዳን አሉ። ጋዜጠኞች ተመልሰው መጡ። አሁን ጥሉ አይቀርም ብለው ነበር። እትዬ ወርቄ ድስቱን ጣዱ።

ሸረሪቶቹ በመጋቢት ወረዱ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያቸው። ወደ ታች አካሄዳቸው አያምርም፤ የኋሊት ነው፤ እግራቸውን ቀድመው እየላኩ እንደሚያፍር ሰው ይወርዳሉ። በአፋቸው የተፉትን ድንጋይ በአፋቸው እየሰበሰቡ አንድ እርከን ከዚያ፣ አንድ እርከን ከዚህ አነሱ። መስቀሉም ሚናራውም ቆመዋል። ልጆቹ አሁን በክረምትም ጫፋቸውን ስለሚያዩ መሣል ተፈቅዶላቸዋል።

ከዚያ ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን መሐል ገባች፤ ጥሩንባው ተነፋ፤ ወጣን። እትዬ ወርቄ ምንጣፋቸውን ዘረጉ፤ ነጃትን ቀቧት፤ አፍንጫዋን ሳቡ። ጠግባ ስታበቃ ከእግራቸው ላይ ተንከባላ ወረደች። በርበሬዬን አገላበጥኩ። በልማዳችን የፀሐይ ማብቂያው ጥሩንባ ሲነፋ ሁሉም ሰው ተነሳ። እንድሪስ ፍራሹን ጠቀለለ። አባ ይማም ወንበራቸውን አነሱ። እኔ የሰሌኑን ጫፍ ያዝኩ።

ጥላው አልመጣም።

ቆመን ጠበቅነው። ነፊው ጥሩንባውን አውርዶ ሰማዩን ያያል። ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ አጋጥሞት አያውቅም፤ ስምም የለው። እንድሪስ ፍራሹን መልሶ ዘረጋው። እትዬ ወርቄ “ቁጭ በይ ሉቤ” አሉኝ። ተቀመጥኩ። ምንም የምሠራው አልነበረኝም፤ ተቀምጬ ፀሐይ ሞቅሁ። ደስ አለኝ። ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

“ስንት ሰዓት ሆነ ግን?” አሉ እትዬ ወርቄ። በሕይወታቸው ይህን ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

እኔም እንደለመድኩት ጥላ ለማየት ወደ መሬቱ ዞርኩ። የመስቀሉ ሄዷል። የሚናራው ገና ነው። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ነው። ከምንጣፉ ዳር ግን፣ ከእትዬ ወርቄ ጉልበት አጠገብ፣ አንዲት ከክንዴ የማትበልጥ ጥላ አለች። ትወዛወዛለች፤ ልትወድቅ ትልና ትመለሳለች። ከበላይዋ ልጄ የእትዬ ወርቄን ጣት ይዛ፣ ቅባት የጠጡት እግሮቿን አንፈራጥጣ ተተክላለች።

“ነጃት ቆማለች” አልኳቸው።